የዋጋ ወረቀት

ሻርጃ ሰናዒያ፣ ከጎማ ቤት ጎን፣
ቆርቆሮው ሲንጣጣ በነሐሴ ቀን፣
ሚዛኔን አቁሜ፣ መነጽሬን ሰክቼ
የሞተ እቀበላለሁ በጠዋት ከፍቼ።

አባቴ ቆራሌ፣ የምናለሽ ተራ፣
ማዳበሪያ አንግቶ በየበሩ ሲጣራ፣
የሰው አሮጌ ዕቃ በዓይኑ እየመዘነ
አሳደገኝ እኔን ጣሳ እየተመነ።
ጠርሙስ በሳንቲም፣ ጫማ በጆግ ለውጦ፣
ማታ ይቆጥር ነበር ደጃፍ ላይ ተቀምጦ።

የእኔም ያው ነው ሥራው። መጀመሪያ ታያለህ፤
ፊቱ ተሰንጥቋል? ሃያ ትቀንሳለህ።
ጀርባውን ዳብሰህ ባትሪው ካበጠ
ወደ አሸዋ ባልዲ! ወሬው ተቆረጠ።
የቻርጀሩን አፍ በባትሪ ብርሃን እይ፣
አቧራ በልቶት ዝጎ እንደሆን ለይ።
ውኃ ጠጥቶ እንደሁ ቀይ ነጥብ ያወጣል፤
ሻጩ ቢምል እንኳ ነጥቡ ያጋልጣል።

ከባንክ የመጣ ላፕቶፕ ስገለብጥ
ከፊደሎቹ ሥር ፍርፋሪ፣ ሰሊጥ፣
የጥፍር ቅራፊ። ዓምድ የለው በመዝገቤ፤
እጠርገዋለሁኝ በብሩሽ ሰብስቤ።

ከሁሉ የከፋው የተቆለፈ ነው፤
ውጪው ሙሽራ ነው፣ ውስጡ የሌላ ሰው።
የይለፍ ቃል የለው፣ ባለቤት አይመጣም፤
ገበያ ቢዞሩ ከኪሎ አይወጣም።
ኪሎ ማለት ደግሞ አረንጓዴ ቦርድ ነው፣
ጥጋጥጉ ብቻ ወርቅ የተቀባው።
ሹፌሩ ይትባረክ፣ ቅኔ የዘለቀው፣
«ሰም ለኛ፣ ወርቅ ለነሱ» ብሎ የሚስቀው፦
ወርቁ በኮንቴይነር ባሕር ማዶ ይሄዳል፤
ሰሙ እዚህ ቀርቶ እኛ እጅ ላይ ይነዳል።

ሐሙስ ለት አንዲት ሴት፣ ከቀትር በኋላ፣
ስልክ በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን ገላ።
ሉባባ ነው ስሟ፤ ሐርቡ ነው አገሯ፤
ማዳም ጋር ቀርቷል የሁለት ወር ብሯ።
«ስልኩን ሰጡኝ፣» አለች፣ «የደመወዜን ፋንታ፤
ሁለት ሺህ ያወጣል ብላኝ ማዳም ማታ።»

ፎጣውን ፈታሁት። ያብረቀርቃል ፊቱ፤
ጭረት አንድ የለው፤ ወርቅማ ነው ቤቱ።
አበራሁት። በራ። ደግሞ ስም ጠየቀኝ፤
የማዳምን ስም ነው። ቁልፍ አለው። ጨነቀኝ።
«ደውዪና ጠይቂያት፣» አልኳት፤ ደወለች፤
ዝም። ደግማ ደወለች። «ዘጋችብኝ፣» አለች።

ሚዛን ላይ አኖርኩት፤ መቶ ዘጠና ግራም፤
ዋጋው በእኔ መዝገብ ሠላሳ አምስት ድርሃም።
አላለቀሰችም። ሚዛኑን አየችው፤
በጣቷ ጫን አርጋ ቁጥሩን ፈተነችው።
ቁጥሩ ሽቅብ ዘሎ፣ ስትለቀው ወረደ፤
«ያንተስ አልዋሸም፣» ስትል ፊቴ ነደደ።

አባቴ ይል ነበር፥ «ዋጋ ቃል ነው፤ ጻፈው፤
በአፍ የቀረ ዋጋ ነፋስ ነው የሚያተርፈው።»
እና ቅጹን ሳብኩት። ሞዴል። መለያ ቁጥር።
የቁልፉ ባለቤት ስም፣ ያለ አንዳች ምስጢር።
ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማዬን፣ ማኅተም ደርቤ፣
ሠላሳ አምስት ድርሃም፣ በዐረብኛ አስነብቤ።

«ስልኩን አልገዛሽም፤ ይዘሽው ተመለሺ፤
ለሠራተኛ ቢሮ ይህንን አድርሺ።
ሁለት ሺህ ያለችው ስንት እንደ ነበረ
ይህ ወረቀት ይንገር፤ የእኔስ አፍ አፈረ።»

አለቃዬ ባሺር ከጓዳው ወጥቶ፣
«ኑርሰቦ፣ ላልገዛነው ማኅተም?» ተቆጥቶ።
«ከደሞዜ ቁረጥ፣» አልኩት፤ እሱም ቆረጠ፤
ሃምሳ ፊልስ። ከባሺር ሂሳብ መች አመለጠ።

ከዚያ ወዲህ ሉባባን አላየሁም።
ቢሮው ደርሳ ይሆን፣ መንገድ ላይ ቀርታ፣ አላውቅም።
ወርቅማ ስልክ ሲመጣ፣ በተቆለፈ ቁጥር፣
ቀድሜ የማየው የጀርባውን ቁጥር።
እስካሁን አልመጣም። ይህን እንደ ደግ ወሬ
እቆጥረዋለሁ እኔ፣ እስከ ዛሬ።

የወረቀቱ ግልባጭ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣
በሙቀቱ ብዛት ቀለም እየከዳው።
ትናንት አወጣሁት፤ እስክሪብቶ አንስቼ
ሠላሳ አምስትን ጻፍኳት፣ በላይዋ አጉልቼ።