ዜሮ ውጤት

«ደጄ ጭር ብሏል» ብለው ጋሽ ይማም ቢልኩብኝ፣
ከቧንቧ ውሃ ሽቅብ፣ ጦሳ እየታዘበኝ፣
ሄድኩ ወደ ሱቃቸው፣ ላፕቶፔን አዝዬ፣
የገጽ ስብራት ላሽ፣ ወጌሻ ነኝ ብዬ።

ሱቁስ ሙሉ ነበር፤ ባናው ተቆልሏል፣
የጉጉፍቱ በግ ሱፍ ግድግዳውን አክሏል።
ድረ ገጹን ስከፍት፦
ሠላሳ ገጽ አለ፣ ሠላሳው በአንድ ስም፣
«መነሻ»፣ «መነሻ»፣ «መነሻ»፤ መድረሻ የለውም።

«ጋሽ ይማም፣ ሠላሳ ልጅ ሁሉን ‹ልጄ› ብለው
ሲጠሩ፣ የትኛው ነው ‹አቤት› የሚለው?
ለእያንዳንዱ ገጽ ስም ይውጣለት፣ አጭር፣
ውስጥ ያለውን ነገር ደጅ የሚናገር፤
‹የበግ ሱፍ ባና፣ ለሁለት ሰው፣ ጥቁር›።»

ፎቶው ደግሞ ክብደቱ! የወፍጮ ድንጋይ።
አንዱ እስኪወርድ ድረስ ገዢ ይሄዳል ሌላ ሊያይ።
የወገል ጤናው ሰው፣ በደከመ ኔትወርክ፣
አይጠብቅም እስኪገለጥ ቀስ እያለ የባናው መልክ።
አቀለልኩት።
ስሙም ቁጥር ብቻ ነው፣ አራት ሺህ ሰባ አንድ፤
ፈላጊው ማሽን ዕውር ነው፣ ቁጥር ዳብሶ ሱፍ አያውቅም።
«ከሥሩ ይጻፉ፣ የሚያሳየውን፣ በአንድ መስመር፤
ለማሽኑ ያሉት ቃል ለማያይ ሰው ይሆናል በትር።»
እኔው ጀመርኩ፦ «ጥቁር ባና፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር።»
ሁለተኛው፦ «ቡናማ ባና፣ ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር።»
ሦስተኛውም ክር አለው። ቀና ብዬ አየኋቸው፤
ጋሽ ይማም ሒሳብ ደብተር ላይ ነበር ዓይናቸው።

ከገጹ ግርጌ ደግሞ፣ በነጭ ላይ በነጭ ቀለም፣
የቀድሞው ሠሪ የቀበረው «ባና ባና ባና»፣ መቶ ጊዜ፣ ለማንም።
አጠፋሁት። ሰኞ ገበያ መሃል መቶ ጊዜ የሚጮኸው፣
ጉሮሮው አይደለም፣ ዕቃው ነው የሚጠረጠረው።

ፊደል ላይ ተጣላን።
እሳቸው በፀሐዩ «ፀ»፣ እኔ በጸሎቱ «ጸ»፣ ለአንድ ጠጉር!
ፈላጊ ግን እንዳፉ ይጽፋል፤ «ጠጉር» ይላል፣ ሲያሻው «ሱፍ»፤
«አንዱ ከራስጌ ይቀመጥ፣ ሌላው በወሬ መሃል ይለፍ።»

ደብተር ሰጠኋቸው፦ «ሰው በር ላይ ቆሞ የሚለውን፣
ሳያርሙ ይጻፉ፣ ከነመንተባተቡ፣ እንዳለውን።»
በሳምንቱ አነበብኩ፦
«ብርድ አያስገባም አይደል?» «ለአራስ ይሆናል?»
«ሲታጠብ ይጠባል?» «አያሳክክም?»
«ጥራቱን የጠበቀ ምርት» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።
ጥያቄውን ርዕስ አደረግን፣ መልሱን ከሥሩ፣ በእሳቸው አፍ።

ማታ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ፣
የገጹን የፍለጋ መዝገብ ከፈትኩ፤
ሰው እዚያው ገብቶ ጽፎ ያጣውን።
«አበጋዝ ሸማኔ»፦ ዜሮ ውጤት።
«አበጋዝ ጉጉፍቱ»፦ ዜሮ ውጤት።
«የአበጋዝ ባና»፦ ዜሮ ውጤት።
በአራት ወር፣ አሥራ አንድ ጊዜ።

«ማን ናቸው?» አልኩ።
ጋሽ ይማም ክምሩን በእጃቸው ዳበሱት።
«ግማሹ የሱ እጅ ነው። ክረምት ላይ ቀበርነው።
ሰማያዊዋን ክር ሲጨርስ ነበር የሚያስገባት።
ገዢ ባና ነው የሚፈልገው፣ ስም ምን ያደርግለታል ብዬ…»

ሠላሳ አንደኛው ገጽ፦ «አበጋዝ እንድሪስ፣ የጉጉፍቱ ባና ሠሪ»።
እሳቸው አወሩ፣ እኔ ጻፍኩ፣ ሌሊቱ ነጋ።
ከእያንዳንዱ ባና ወደሱ መንገድ አበጀን፣
ከሱም ወደ ባናው፤ የሞተውን ሊንክ ነቅለን።
«ማሽኑ እስኪያገኘው ሳምንት ይፈጃል፣ አብሽሩ» ብላቸው፣
«እኔ አጠገቤ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ፈጀሁ» አሉኝ፣ ሳይቀና አንገታቸው።

ሒሳቤን በባና ከፈሉኝ፣ ክር ባለው።
ለብሼው ተኛሁ። ብርድ አያስገባም።
ትንሽ ያሳክካል።
ጠዋት ተነስቼ እሱንም ጻፍኩት።