የምክንያት ዓምድ

ከዚራ ጫፍ፣ ፉርጎ ይጠገንበት በነበረው ቤት
ዛሬ የእጅ ኳስ ይነጥርበታል፤
ጣውላ አንጥፈውበታል፣
ቢጫ መስመር አስምረውበታል፤
የምሰሶው ግራሶ ግን አልለቅ ብሎ
ሰኔ ሲግል ባቡር ባቡር ይሸታል።

ከጣራው ሥር፣ ዙሪያውን
ስምንት ነጫጭ ሣጥን ሰቀልኩ፤
በየልጆቹ ሰደርያ፣ በትከሻና ትከሻ መሐል፣
የክብሪት ቀፎ የምታክል ሴንሰር ከተትኩ።
በሴኮንድ ሃያ ጊዜ
«የት ነሽ?» ይላል ሣጥኑ፣
«አለሁ» ትላለች ክብሪቷ፤
እኔም ጥግ ላይ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣
ሳተላይት የማያየውን ከቆርቆሮ በታች አየሁ፤
አሥራ አራት ነጥብ፣ ዝናብ እንዳሸተተ ጉንዳን፣
ሲራወጥ፣ ሲበተን፣ ሲሰበሰብ።

መጀመሪያ ሰሞንማ ጉድ ነበር፤
ብረቱ ሞገዱን እያላተመ
በረኛዋን ፌሩዛን፣ ጎሏ ላይ ቆማ ሳለ፣
ግድግዳ አሻግሮ ደቻቱ አሸዋ ላይ ጣላት።
«ፌሩዛ ሩጪ፣ ጎርፍ መጣ!» አሏት።
ሳቁ፤ ሳቁም ከመሐል ተቆረጠ፤
እዚህ ከተማ ይህ ቃል በቀልድ አይጠራም።
ሁለቱን ሣጥን ዝቅ አድርጌ ሰቀልኩ፤
ፌሩዛ ከአሸዋው ወጣች።

አቶ ሮብሌ፣ የበሩ ዘበኛ፣
ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።
ሠላሳ አንድ ዓመት የምድር ባቡር ስልክ
ጆሯቸው ላይ ተጣብቆ የኖረ ሰው ናቸው።
«ይህን እኔም ሠርቼዋለሁ» ይላሉ፤
«ሽንሌ አለፈ ሲሉኝ አንድ ነጥብ፣
አዲጋላ ሲሉኝ አንድ ነጥብ፤
ባቡሩን ሳላየው የት እንዳለ አውቃለሁ፣
ሾፌሩ ራሱ ሳያውቀው!»

አንድ ቀን፣ በሁለተኛው አጋማሽ፣ ዘጠኝ ቁጥር ዘገየች።
ኢፍቱ፣ የሳቢያኗ፣ ቀኝ ክንፍ ይዛ ነፋስ የምትቀድመው፣
ግራፌ ላይ አዘቀዘቀች።
አሠልጣኝ ምንተስኖት ስክሪኑን በጣቱ መታ፤
«ሰንፋለች። ቁጥር አይዋሽም።
ቅዳሜ ቡድን ይመረጣል፤ እሷ ትቀመጥ።»

አይዋሽም፤ አውቃለሁ።
ግን ቁጥር የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው።
ሌሊቱን የእርምጃዋን መዝገብ ከፈትኩ፤
ቀኝ እግሯ ወለሉን ይረግጣል፣
ግራው፣ የድሬ ቀትር አሸዋ ላይ እንዳለ ሁሉ፣
ነካ አድርጎ ይሸሻል።

በማግሥቱ በር ላይ ጠበቅኳት።
ጫማዋን አውልቃ ገለበጠችልኝ፤
ቀኙ ሠላሳ ስምንት፣ ግራው ሠላሳ ስድስት፤
ከአሸዋ ገበያ፣ መሬት ከተቆለለው ክምር፣
ቀለሙ ስለገጠመ የተገዛ።
«ለማንም እንዳትናገር» አለች፤
«ይሰሙና ያዋጡልኛል።
ለእኔ የሚዋጣው ስቀበር ነው።»

መስመሯን ልሰርዝላት ነበር።
አንድ ቁልፍ ነው፤ ጣቴን አስቀመጥኩ፤
ግን የተሰረዘ መስመር ሰነፍ ከመባል ይብሳል፣
አልነበርሽም ማለት ነው።

ስም ሳልጠራ አቶ ሮብሌን አማከርኩ።
ቆዩ፤ ቁልፋቸውን አንኳኩ፤
«በእኛ መዝገብ ከሰዓቱ ጎን አንድ ዓምድ ነበር፣ ምክንያት የሚል።
ሐዲድ ጋለ። ጎርፍ። ግመል ተኛበት።
ሳንጽፍ ፈረቃ አንለቅም።
ያንተ መኪና ይህ ዓምድ የለውም?»

አልነበረውም።
ማታ ከፍጥነቱ ጎን ባዶ ዓምድ ከፈትኩ፣
በኢፍቱ ረድፍ አንድ ቃል ጻፍኩ፤
ግመል።

አሠልጣኙ አነበበው፣ መነጽሩን ጠርጎ ደገመው፤
«ምን ማለት ነው ግመል?»
ከበሩ በኩል አቶ ሮብሌ፣ ቀና ሳይሉ፣
«ይነሣል» አሉት፤
«ፊሽካ ንፋ እንጂ አትግጨው።»