ድምፅ ማጉያ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ገመድ ጠቅልዬ፣
ባትሪውን በጉያ፣ ጡሩምባውን በጫንቃ አዝዬ፣
ከአቶ አሊጋዝ ሙሄ ኋላ ኋላ ኖርኩኝ።
ምን እንዳሉ አገር ሰምቷል፣ እሱን አትጠይቁኝ፤
እኔ ዘንድ የቀረችው ከቃሉ የምትቀድም፣
ማይኩን ነክታ የምትጠፋ አንዲት ትንፋሽ ናት፤
ከእሷ ሌላ ምስክርነት የለኝም።

ሳውቃቸው በካኪ ነበር፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር፤
ስኳር በኩፖን ሲያድሉ ሰልፉ ከሸዋ በር
ተነሥቶ፣ ቁልቁል ተጣሞ፣ ፒያሳ ጥግ ይሰበር ነበር።
"ጓዶች!" ይሉን ነበር። ከዚያ ቀን ጎደለ፣
ካኪው ሣጥን ገባ፣ ማኅተሙም ተጣለ፤
በሦስተኛው ወር፣ ያው ጉሮሮ፣ ያው በረንዳ፣
"ወገኖቼ!" አሉ፤ ማይኩም አልተጎዳ።

አምስት ጊዜ ለክልል ምክር ቤት ተመረጡ፤
አንዴ በፋኖስ ምልክት፣ ሌላ ጊዜ በቁልፍ፤
ፋኖሱ አላበራ፣ ቁልፉም አልከፈተ ደጃፍ።
ከባሕር ዳር ጉባኤ ሲመጡ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣
ለሾፌሩ ግማሽ፣ ለእኔ ግማሽ አካፍለው፣
"ድልድዩስ?" ስንላቸው
"አጀንዳ ተይዟል" ነበር መልሳቸው።

ድልድዩ! ሐምሌ ሲገባ ቦርከና ሲደፈርስ
ተማሪ ጫማውን አንገቱ ላይ አስሮ፣ ደብተሩን በጥርስ
ነክሶ ይሻገራል።
ሦስት ጊዜ የመሠረት ድንጋይ ተጣለለት፣
ሦስቴ ሪባን ተቆረጠ፣ ሦስቴ ጭብጨባ ነጎደለት፤
አንዱን ጎርፉ በላው፣ አንዱን ሰው ለአጥር ወሰደው፤
የሦስተኛውን ፊት የነ እቴ ዘምዘም ሳሙና አለሰለሰው።

እና ስለ ድልድዩ ሊናገሩ ሲሉ
አፍንጫቸው ትነፋለች፣ አንዲት ትንፋሽ ይስባሉ፤
ያኔ ጣቴ ሳላዘው ወደ ማዞሪያው ይሄዳል፣
ድምፁን በጥቂቱ፣ ሰው ሳያውቅ፣ ዝቅ ያደርጋል።
ለሕዝቡ ብዬ ይሁን ለእሳቸው አፍሬ
አላውቅም እስከ ዛሬ።

ሐሰት ብቻ ነበሩ ካልኩ ግን አፌ ይታጠፍ።
የኮምቦልቻ ፋብሪካ ያለ ደመወዝ አራት ወር ሲያልፍ፣
ሐረጎ በናዳ ተዘግቶ፣ ጉሙ እጅ በማያሳይበት ሌሊት
ብቻቸውን በእግር ወርደው፣
ከፋብሪካው በር ላይ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ቆመው አደሩ።
በሦስተኛው ቀን ተከፈለ። ምን እንደተናገሩ
እኔ የለሁበትም፤
ያን ቀን ማጉያ አላስፈለጋቸውም።

ባለፈው ምርጫ የዕጩ ስም ሲነበብ "አ" ላይ ደረሰ፣ አለፈ።
ጭብጨባው ለአንድ ወጣት ሆነ፤ ማይኩ ሽቦ የለው፣
እየተንጎራደደ ያወራል። እሳቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ፕላስቲክ ወንበር፣ ኮታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጥፈው።
በሳምንቱ ሱቄ መጡ። "ኪራዩ ስንት ነው?" አሉ።
እስከዚያ ቀን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤት ነበር፣ ሲከፍል።
"ለእርስዎ በነፃ" ብል እምቢ አሉ፤
ብር ቆጥረው፣ ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ደረሰኝ ጠየቁ።

ወንዝ ዳር ወረድን። ድንጋዩ ላይ ወጡ።
ሕዝቡ አራት ሴት፣ አንድ አህያ፣ የታጠበ ጋቢ።
ጣቴ ማዞሪያው ላይ ያቺን ትንፋሽ ጠበቀ፤
አልመጣችም።
"ለዚህ ድልድይ" አሉ፣ "በጉባኤው ፊት
አንድም ቀን እጄን አላወጣሁም።
ፈራሁ። ወንበሬን ወደድኩ።"
ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ከፈትኩት፤
ጦሳ ተቀብሎ መለሰው፦ ወደድኩ... ደድኩ... ድኩ።

እቴ ዘምዘም ቀና አለች፣ ክንዷ አረፋ እንደሆነ፣
"ሰማን ጋሼ" አለች፤
"አሁን ይውረዱልን፣
የረገጡት አንሶላ ነው።"