መስታወት ገጣሚው

ገጣሚ ነኝ፤ ግን የመስታወት፣
በመዶሻ ነው ቤት የምመታው፤ ስንኜም መስኮት።

ከሐዋሳ ወጣ ብሎ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ማዶ፣
ከአንድ ትምህርት ቤት ጠሩኝ፤ ግማሹ መስኮት ባዶ።
ልለካ ገባሁ። መምህር ሐመሶ ማካፈል ያስተምራል፤
«አርባ ስምንት ለስድስት...» ሰማዩ ያጓራል፣
ቆርቆሮው ይንዘፈዘፋል፣
የጠመኔ ብናኝ ከሰሌዳው ይረግፋል።
ሐመሶ እጁን እንዳነሳ ዝም፤
ልጆቹም ዝም። ማንም ቀና ብሎ አያይም።
አልፎ ሲርቅ «...ሲካፈል» ይላል፣
ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል።

«በቀን ስንቴ?» አልኩት። ሳቀ። «በዚህ ዝምታ፣
እኔ ሽበት፣ እነሱ ጥርስ አበቀልን በተርታ።»

ማመልከቻውን ከቢሮ ቢሮ ያዞረችው ዱካሌ ናት፤
ያኔ ያዘለቻት ልጅ፣ ይኸው ሦስተኛ ክፍል ገባችላት።
በስምንተኛው ዓመት መጣ፦ ድርብ መስታወት፣ ለጣሪያው ኮርኒስ፤
«የሌሊቱ በረራ ግን ይታያል፣ ቀስ በቀስ።»

ዘጠኝ ቀን ገጠምኩ። ሁለት መስታወት፣ መሃሉ አየር፤
እንዲህ ያለ ስንኝ ገጥሜ አላውቅም ነበር።

በአሥረኛው ቀን መሣሪያዬን ልሰበስብ ሄድኩ። ማባዛት ነው አሁን፤
በመስታወቱ አሻግረን አየን፣ ድምፅ አልባ አውሮፕላኑን።
ቆርቆሮው ንቅንቅ አላለም፤ ብናኙ አልረገፈም፤
ሐመሶ ግን፣ ጠመኔው አየር ላይ፣ ዝም።
ልጆቹም ዝም።

ጥቂት ቆይታ የዱካሌ ልጅ እጇን አወጣች፤
«ቲቸር፣ እንሰማዎታለን እኮ» አለች።