የዘለልከው ቀዳዳ

ከፒያሳው ቁልቁለት፣ ከደረጃው ግርጌ፣
የመኪና ጠባቂ — ይሄ ነው ማዕረጌ።
ብርቱካን ሰደርያ፣ ደረሰኝ በኪሴ።
ከጎኔ እትዬ አሰገደች፣ ክር በካርቶን ሞልታ፣
በዣንጥላዋ ሥር ተቀምጣ ጠዋት ማታ።
ሐምሌ ነው፤ በዝናብ ገበያው ተመታ፣
አንዲት ቪትዝ ብቻ ቆማለች ተረስታ።

«እጅህ ሥራ ፈቷል» አለችኝ አንድ ቀን፣
«ና እስኪ፣ ያዝ ይህን።»
ኪሮሽ ነው፤ ከሷ ጣት የሞቀ፣ የተላገ ብረት፤
ክሩም ሰው ያልገዛው፣ ሰናፍጭ የመሰለ፣ ዓመት የከረመበት።
መጀመሪያው ያው ነው፤ ሰንሰለት፣ ሰንሰለት፤
ሳምንቱን በሙሉ ሰንሰለት ስጎትት
የላዳ ሾፌሮች ሳቁብኝ በመስኮት።
«እሜት!» ብለው ጠሩኝ። ዝም አልኩና ቆጠርኩ፤
አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት —
ሂሳብ ስቀበል ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ።

ከዚያ ነው መስቀለኛው የመጣው።

«አሁን» አለች፣ «ስማኝ፤ ይሄ እንደዚያ አይደለም፣
ቀጥ ብለህ ብትሄድ የትም አትደርስም።
አንዱን ቀዳዳ ዝለል። ደህና አድርገህ እየው።
ከሚቀጥለው ግባ፣ ምሰሶህን አቁመው።
ከዚያ» — ጣቴን ይዛ ወደ ኋላ ሳበች —
«ወደ ዘለልከው ና፤ ተመለስ» እያለች፣
«ባቆምከው በኩል እለፍ፣ በደረቱ ፊት፣
ሳትገፋው፣ ቦታውን ሳትቀማው፣
ሁለተኛውን ትከሻው ላይ አሻግረህ አቁመው።»

ቀላል ይመስላል። አይደለም።
ጣቴ መቅደም እንጂ መመለስ አያውቅም።
ዘለልኩ። ገባሁ። ረሳሁ። ሄድኩ፣
ሄድኩ፣
ረድፉን ጨረስኩ።
አንድ ወገኑ ጠበበ፣ ሌላው ተንጋደደ፣
የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ትንፋሽ ሄደ።
«ፍታው» አለች እንጂ አልተቆጣችኝም፤
ክር እንደ ሰው አይደል፣ ቢፈታ አይቀየምም።

ከአራት ፍቺ በኋላ፣ ቅዳሜ ረፋዱ፣
ምሰሶና ምሰሶ ተቃቅፈው ወረዱ፤
ከላይ ጉብ ጉብ አለ፣ ሥሩ ጎደጎደ፣
ዝናብ እንዳጠበው ጥርብ ድንጋይ መንገድ፣
አውራ ጣቴ በሱ ላይ መመላለስ ወደደ።
ለትራስ ይሁን ለአንገት፣ እስካሁን አላወቅኩም።

እሷ ግን አታየውም። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ
ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣
ቡናማና ጥቁሩ አንድ ሆኖባታል፤
«ዳንቴልማ» አለች፣ «ለስላሳ ነው፣ ከእጄ ያመልጣል፤
ይሄ ግን ያነጋግራል፣ በጣት ይነበባል።»

ማታ በእግሬ ነው የምገባ። ከራስ መኮንን ድልድይ
ዳገቱን ስጀምር አንድ በር አለ — አላይም፣ አልታይ፤
መንገዱን ተሻግሬ በዚያኛው ጥግ አልፋለሁ።
አረንጓዴ ቆርቆሮ። የእህቴ የትርንጎ ነው።
በእናታችን ቁም ሣጥን ተጣላን — ይገርማል፣ በቁም ሣጥን!
ሦስተኛ ክረምቱ። መብራቷን በጎን አያለሁ፣
እንደ ሌባ፣ አንዳንድ ቀን።
ትናንት በሮቹን ቆጠርኩ፤ ጣቴ ነው ያስቆጠረኝ፤
አንድ፣ ሁለት፣ ዝለል፣ አራት፤
እግሬ ግን አልመለሰኝ።

ዛሬ ሥራዬን ሰጠኋት። ዝናቡ አባርቶ፣
ከዣንጥላዋ ጫፍ ጠብታ ተንጠልጥሎ ቀርቶ።
አውራ ጣቷ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ ጉብታ በጉብታ፣
ሰው የለመደውን ደረጃ በጨለማ እንደሚወርድ፣
ሄደ፣
ሄደ፣
ቆመ።
«እዚህ ጋ አንድ ዘለሃል» አለችኝ። «አልተመለስክም።»
ቪትዟ ሞተሯን አስነሥታ ሄደች። ሂሳብ አልተቀበልኩም።

«አውቃለሁ» አልኳት።