ወራጅ አለ

ከለገሃር ተሳፈርን፣ እኔና እህቴ ኖላዊት፤
የማታው ፀጉሯ በፌስታል፣ ጭኔ ላይ እንደ ድመት።
ሾፌሩ ዘፈኗን ከፍቶ፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ፣
ረዳቱም አብሮ ይዘፍናል፣ ግጥሙን በቅጡ ሳያውቅ።

«ሂሳብ፣ እህት!» አላት፣ በራሷ ዜማ መሃል፤
ቦርሳዋን ገልብጣ ብታይ ሁለት ብር ይጎድላል።
«እሷ እኮ ናት!» ልለው ስል፣ ክርኗ ጎኔን ወጋው፤
ነገ ፈተና አላት። ኬሚስትሪው ገና ምዕራፍ ሁለት ነው።

ብሔራዊን ስናልፍ አየሁት፣ ፖስተሯን፣ ግንቡ ላይ ስቆ፣
አንድ ጥርሷን ዝናብ ልጦት፣ ሌላው በሙጫ ተጣብቆ።

ፖስታ ቤት ጋ «ወራጅ አለ!» ብትል ማን ሰምቷት፤
የገዛ ድምጿ ዋጣት።

ቴዎድሮስ አደባባይ ወርደን ቁልቁል በእግር ስንመለስ
የረዳቱን ስህተት ታዜማለች፣ ቀስ… ቀስ።
«የሱ ግጥም ይሻላል» አለችኝ፤
ፌስታሉን ተቀበለችኝ።