የኖራው መስመር

ከሊማ በስተደቡብ፣ ዛፍ በሌለው ዳገት፣
ጉም እንጂ ዝናብ በማይጎበኘው ከዓመት ዓመት፣
ከአውሮፕላን የተነሳ አሮጌ ፎቶ ይዤ ወጣሁ።
አሸዋ ብቻ ነበር በላዩ። ቀና ብዬ አየሁ፦
አሥር ሺህ ቤት።

ማን አቀደው? ማንም። ማዘጋጃው ስሙን አያውቀውም፣
በመዝገቡ «ባዶ መሬት» ነው፤ ግብር እንኳ አይጠይቀውም።
እኔ ግን ዕድሜውን ከግድግዳው አነባለሁ፣
እንደ ግንድ ቀለበት አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፦
መጀመሪያ የሸንበቆ ሰሌን፣ ቀጥሎ የሣጥን ጣውላ፣
ከዚያ ጡብ፤ ከጡቡ ራስ ላይ ፌሮው ወደ ሰማይ ቀርቶ
ልጅ ሲያገባ የሚሠራውን ፎቅ ይጠብቃል፣ ዝጎ፣ ተንጋዶ፣ ጸንቶ።

የቆጣሪዎቹን ቁጥር ጻፍኩ። ደረጃዎቹን ቆጠርኩ።
«መንገድ ማለት እዚህ ቦቴ ያለፈበት ነው» ብዬ ደመደምኩ።
አንድ ነገር ብቻ አቃተኝ።

ሦስተኛው መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ መሃል ላይ ይጎብጣል፣
ድንጋይ የለ፣ ገደል የለ፣ እንዲያው ከሜዳ ይሸሻል።
«የጎርፍ ፈለግ» ብዬ ጻፍኩ።
ሰረዝኩ። ዝናብ በሌለበት ጎርፍ ከየት ይመጣል?

ዶና ኔሜሲያ ዋርካያ ባልዲዋን አስቀምጣ ሳቀች።
«ያን ሌሊት» አለች፣

«ያን ሌሊት መቶ ሰባ ቤተሰብ ነበርን፣ ፋኖስ አጥፍተን፣
ፖሊስ ሳይነቃ መሬቱን በኖራ ልንካፈል መጥተን።
ቶሪቢዮ ከፊት ነበር፣ ጆንያውን ቀድዶ እያፈሰሰ፣
ገመድ የያዘ ልጅ ከኋላው፣ ጉሙ ልብሱን እያራሰ።
ኤውዶሲያን እዚያ፣ ሰሌን ላይ፣ ምጥ ይዟት ነበር።
መስመሩ በወገቧ ሊያልፍ ነው።
ቶሪቢዮ ቆመ። ኖራው እግሩ ሥር ተከመረ። ማንም ‹ተነሺ› አላላትም።
ከዚያ በራስጌዋ ዞረ፣ ቀስ ብሎ፤ ጨርቋን እንኳ አልነካባትም።
ሲነጋ መስመሩ መንገድ ሆኖ ነበር። ልጁም ወንድ።»

«ልጁስ?» አልኳት።
በአገጯ አሳየችኝ፦ የውሃ ቦቴው ዳገቱን እያቃሰተ
መጥቶ ከጉብጠቱ ደረሰ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ደግሞ ሞከረ፤
ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ
ይህን መንገድ የቀየሰውን ሁሉ
ከነዘር ማንዘሩ ተሳደበ።

ካርታዬ ላይ ላጲስ ያልጨረሰው የጎርፍ ጥላ አለ፤
በጎኑ ምን እንደምጽፍ እስካሁን አላወቅሁም።
ለወንዝ ምልክት አለን፣ ለገደል አለን፣ ለመቃብር አለን፣
ለምጥ የለንም።

ማታ ስወርድ፣ በወዲያኛው ኮረብታ፣ በጉሙ ስንጥቅ
ነጭ መስመር አየሁ፣ ትናንት ያልነበረ።
ቀኑን ጻፍኩ።
አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል።